ለ3 ደቂቃ ንግግር ምኑን ልቁረጥ?

የዶክትሬት ጥናቴን ለማንኛውም አድማጭ በ3 ደቂቃ ላቀርብ ተመዝግቤ ጭንቅ ውስጥ ገብቻለሁ። ውድድሩ በ2008 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ነው፤ የሚፈቀደው አንድ የማይንቀሳቀስ ስላይድ ብቻ ሲሆን፣ ሰዓቱን ያሳለፈ ይሰረዛል።

የማጠናው ከዕፅዋት ሥር ጋር ተጣምረው ስለሚኖሩ ፈንገሶች ነው፤ ለተክሉ ፎስፈረስ ያቀብላሉ፣ ከእርሱ ስኳር ይቀበላሉ። ይህችኑ ለማለት 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጀሁ! የዚህን ጥምረት ስም፣ «ማይኮራይዛ» የሚለውን ቃል፣ ስፈታ ብቻ አንድ ደቂቃ ያልፋል። ትናንት እኅቴ ፊት ስለማመድ፣ ገና የናሙና አወሳሰዱ ላይ ሳለሁ ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ። እንደ ጎረቤታሞች ብድር አድርጌ ልተርከው ብል ደግሞ አማካሪዬ «ሳይንሱን አረከስከው» እንዳይሉኝ እፈራለሁ።

በዚህ ያለፋችሁ፣ የጥናት ዘዴውን ጨርሶ መተው ያስኬዳል? ወይስ ከውጤቱ ልጀምር? የቀረኝ 10 ቀን ነው።