ኡቡንቱን ከውጫዊ ዲስክ ማስነሳት፦ የእህቴን ዊንዶውስ ሳልነካ ይቻላል?

ጠያቂ (አራት ኪሎ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፑ የእህቴ ነው። የሒሳብ ሥራዋ በሙሉ እሱ ላይ ስለሆነ ዊንዶውስ 11ዱ እንዲነካ አልፈልግም። እኔ ደግሞ ለትምህርቴ ሊኑክስ ያስፈልገኛል። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ኡቡንቱን በሩፈስ (ሲስተም ፍላሽ ላይ በሚጽፈው ፕሮግራም) 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጽፌ ተነስቶልኛል፤ ግን ላፕቶፑ ሲዘጋ የጫንኩት ፕሮግራምም ያስቀመጥኩት ፋይልም የለም። እንዲቀመጥልኝ ምን ላድርግ?

ከፒያሳ፦ ወንድሜ፣ የከፈትከው «ላይቭ» የሚባለውን ነው፤ ለመሞከሪያና ለመጫኛ ስለተዘጋጀ ሥራህን የሚይዘው ላፕቶፑ ሲዘጋ በሚጠፋው ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ራም ላይ ነው። ሩፈስ ላይ ኡቡንቱን ስትመርጥ ለቋሚ ማስቀመጫ ስንት ጊጋ እንደምትፈልግ የሚጠይቅ መጎተቻ ይመጣል፤ 10 ጊጋ ያህል ስጠውና እንደገና ጻፈው። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድመህ ገልብጥ።

ከካዛንቺስ፦ ለጥቂት ቀን ይሁን፣ ለሴሚስተር ግን አልመክርህም። ሲስተም ሲሠራ ትንንሽ ፋይል ያለማቋረጥ ይጽፋል፤ ተራ ፍላሽ ይንቀራፈፋል፣ ቶሎም ይበላሻል። 240 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ከነኬዙ፣ በዩኤስቢ ከሚያገናኘው ማቀፊያ ጋር፣ ግዛና ሙሉውን ጫንበት። ኬዙ ዩኤስቢ 3 ይሁን፤ ዩኤስቢ 2 በሰከንድ ከ480 ሜጋቢት አያልፍም፣ 3 ግን እስከ 5 ጊጋቢት ይደርሳል። ዋጋው የማይታመን «1 ቴራ» ፍላሽ ከመንገድ እንዳትገዛ፤ መጠኑ በውሸት የተጻፈበት አለ፣ ሲሞላ ፋይልህን ያበላሸዋል።

ከሜክሲኮ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ትልቁ አደጋ ግን አልተነሳም። ኡቡንቱን ውጫዊ ዲስክ ላይ ስትጭን ጫኚው ማስነሻውን፣ ግረብን ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ወስዶ የሚያስቀምጠው ላፕቶፑ ውስጥ ባለው ዲስክ የኢኤፍአይ ክፍል (ማስነሻዎች የሚቀመጡበት ትንሽ ቦታ) ላይ ነው። ውጫዊውን ብትመርጥም ያደርገዋል። ከዚያ ዲስክህን ነቅለህ ስትወጣ እህትህ ላፕቶፑን ስትከፍት ጥቁር ገጽ ላይ «ግረብ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይጠብቃታል። ዊንዶውሱ አልጠፋም፤ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ ገጽ) ገብቶ የዊንዶውስን ማስነሻ፣ ዊንዶውስ ቡት ማናጀርን፣ አንደኛ ማድረግ ይመልሰዋል። ግን ሥራ ላይ ያለ ሰው ለምን ይደንግጥ? ከመጫንህ በፊት የውስጡን ዲስክ ባዮስ ላይ ዝጋው። ጫኚው ካላየው አይነካውም፤ ማስነሻውም ከራስህ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላ ላፕቶፕ ላይም ይነሳልሃል። ባዮሱ አማራጩ ከሌለው የጀርባ ክዳኑን ፈትቶ ዲስኩን መንቀል ነው፤ ያን ግን ባለቤቷ ሳትፈቅድ አታድርገው።

ጠያቂ፦ አማራጩን ባዮስ ላይ አግኝቼዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያልተፈረመ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትንስ ልዝጋው? አንዳንድ ቪዲዮ ላይ ዝጉት ይላሉ።

ከሜክሲኮ፦ ተወው። ኡቡንቱ የተፈረመ ማስነሻ ስላለው ሳይዘጋም ይነሳል። የላፕቶፑ ዲስክ በቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ከተቆለፈ ሴኪዩር ቡትን መቀየር 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊያስጠይቅ ይችላል። ለማንኛውም ባዮሱን ሳትነካ በፊት ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንቷ አውጥታ ወረቀት ላይ ትጻፈው።

ከፒያሳ፦ ሰዓቱንም አስብበት። ሊኑክስ የላፕቶፑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ያስቀምጣል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ እኛ ጋ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ ቀላል አይደለም። ኡቡንቱ ላይ የሃርድዌር ሰዓቱ በአገር ሰዓት እንዲሆን አስተካክለው።

ከካዛንቺስ፦ ገመዱ አጭርና የማይላላ ይሁን። መብራት ቢጠፋ ባትሪው ይይዝሃል፤ እየሠራህ ዲስኩ ቢነቀል ግን ሲስተሙ እዚያው ይቆማል፣ ያላስቀመጥከውም ይሄዳል።