የሰመር የተራራ ጉዞ ረቂቅ፦ የትኛው ሐይቅ፣ በየትኛው መንገድ?

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለማኅበራችን ሥራ አመራር የሚቀርበው የሰመር ጉዞ ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸው። ቦታ፦ ባኽአልፕዜ ሐይቅ፣ ግሪንደልቫልት፣ ስዊዘርላንድ። ቀን፦ ቅዳሜ ኦገስት 8፣ 2026። መነሻ፦ በርን ባቡር ጣቢያ። ተሳታፊ፦ እስከ 45 ሰው፣ ከልጅ እስከ አዛውንት። ከአባላት የተጠቆሙት ሌሎች ሐይቆች ዜአልፕዜ፣ ኧሽነንዜና የጣሊያኑ ብራይስ ናቸው። የምትቀይሩትን ከነምክንያቱ ጻፉ። «ይሄ ይሻላል» ብቻ ከሆነ ረቂቁ ውስጥ የማስገባው ነገር የለኝም።

የወጣቶች ተጠሪ፦
ወጣቱ የሚፈልገው ብራይስን ነው። 1,496 ሜትር ላይ ነው፤ ዙሪያውን ለመዞር ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ ጀልባም ይከራያል። አውቶቡስ ተከራይተን በአንድ ቀን ደርሰን መመለስ ባንችል እንኳ አንድ ሌሊት እናድራለን።

የማኅበራዊ ጉዳይ ተጠሪ፦
ወንድሜ፣ ሐይቁስ ውብ ነው። ግን ከአባሎቻችን መካከል ኤን (የጥገኝነት ጠያቂ) እና ኤፍ (በጊዜያዊነት ተቀባይነት ያገኘ ሰው) የመኖሪያ ፍቃድ የያዙ አሉ። እነሱ እንደፈለጉ ድንበር ተሻግረው መመለስ አይችሉም። የማኅበር ጉዞ ግማሹን አባል ቤት ትቶ የሚሄድ መሆን የለበትም። በዚያ ላይ በሰመር ወራት ቀን ቀን ያለ ቅድመ ምዝገባ በመኪና ወደ ሸለቆው አይገባም። ከስዊዘርላንድ የሚወጣ ጉዞ ከዝርዝሩ ይሰረዝ እላለሁ።

የወጣቶች ተጠሪ፦
ፍቃዱን ከግምት አላስገባንም ነበር። ብራይስን አንስቻለሁ። ለወጣቶቹ ግን «ሐይቅ ዳር ተቀምጠን በላን» ብቻ እንዳይሆን፣ ላብ የሚያወጣ መንገድ ይኑር።

የጉዞ ኮሚቴ፦
እንግዲያው በአገር ውስጥ ካሉት ሦስቱን ላነጻጽር።

ዜአልፕዜ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ጎንደል (በገመድ የሚሄድ የተራራ ማጓጓዣ) አያስፈልግም። ከቫሰርአውን ጣቢያ (868 ሜትር) ወደ ሐይቁ (1,143 ሜትር) አንድ ሰዓት ያህል በእግር ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከበርን በባቡር ወደ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፣ መመለሻውም እንደዚያው። ሁለተኛ፣ ያ አንድ ሰዓት አጭር ይሁን እንጂ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሌላ አማራጭ የለውም።

ባኽአልፕዜ 2,265 ሜትር ላይ ነው። ከግሪንደልቫልት በጎንደል ፊርስት ወደሚባለው የላይ ጣቢያ ትወጡና ሦስት ኪሎ ሜትር፣ 50 ደቂቃ ያህል በሰፊ መንገድ መሄድ ነው። መንገዱ ቀላል ነው። ነገር ግን ሐይቁ ዳር ዛፍ የለም፣ ምግብ ቤት የለም፣ ዝናብ ሲመጣ 45 ሰው የሚጠለልበት ጣሪያ የለም። ነጎድጓድ ቢነሳ ሁላችንም ሜዳ ላይ ነን ማለት ነው። ለአዛውንት ደግሞ ደርሶ መልስ ስድስት ኪሎ ሜትር ግዴታ ይሆናል።

ኧሽነንዜ ከካንደርሽቴግ በላይ 1,578 ሜትር ላይ ነው፤ ከ2001 ጀምሮ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ በሆነውና በ2007 ሐይቁን ጨምሮ በሰፋው የዩንግፍራው-አሌች ክልል ውስጥ ይገኛል። ከተራራው የተናደ ድንጋይ ሸለቆውን ገድቦ የፈጠረው ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ 56 ሜትር ይደርሳል። እኔ የምመርጠው ግን ለውበቱ ብቻ አይደለም፤ ቡድኑን ለሁለት ከፍሎ አንድ ቦታ ላይ መልሶ ስለሚያገናኝ ነው። የጎንደሉ የላይ ጣቢያ 1,682 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ አንዱ ቡድን በሰፊው መንገድ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ቁልቁል ሄዶ ሐይቁ ዳር ይደርሳል። ሌላው በሆይበርግ (1,940 ሜትር) እና በኦበርበርግሊ (1,978 ሜትር) አድርጎ፣ በኡንተርበርግሊ ወርዶ፣ በሐይቁ ዳር መጥቶ ከመጀመሪያው ቡድን ጋር ይገናኛል፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ወጣቶቹ የፈለጉት ላብ እዚያ አለ። ሐይቁ ዳር ምግብ ቤት፣ መጸዳጃና ጣሪያ አለ።

የቤተሰብና ሕፃናት ተጠሪ፦
ኧሽነንዜን እደግፋለሁ፤ ሁለት ነገር ግን በግልጽ ይጻፍ። የሕፃን ጋሪ በሰፊው መንገድ ብቻ ይሄዳል፤ ወደ ሆይበርግ የሚወጣው መንገድ ላይ ጋሪ የሚባል አይታሰብም፤ ባንዳንድ ቦታ ጠርዙ ገደል ስለሆነ ልጅ በእጅ ተይዞ ነው የሚሄደው። ሌላው፣ መሄጃው ቁልቁለት ስለሆነ ሰው ሁሉ ይዘናጋል፤ መመለሻው መቶ ሜትር ያህል ዳገት ነው፣ ያውም ምሳ ከተበላ በኋላ። ለእናቶችና ለአባቶች በጣቢያውና በሐይቁ መካከል የሚመላለሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ክፍያ በጀቱ ውስጥ ይግባ።

ሰብሳቢ፦
በቦታው ተስማምተናል። ቀኑ ግን አይሆንም። ኦገስት 8 ማለት ነሐሴ 2 ነው፤ ፍልሰታ በገባ በማግስቱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚቆይን ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ተራራ ላይ ማስኬድ ደግ አይደለም፤ ውሃም የማይጠጣ አለ። ኦገስት 22 ደግሞ ነሐሴ 16፣ በዓሉ ራሱ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ኦገስት 29 (ነሐሴ 23) ይሁን፣ መጠባበቂያው ሴፕቴምበር 5 (ነሐሴ 30)። እሑድን ለቤተ ክርስቲያን እንተወው።

የጉዞ ኮሚቴ፦
ጋሼ ያሉት ለአየሩም ይስማማል። በጁላይና በኦገስት መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይበዛል፤ ወደ ወሩ መጨረሻ ይረግባል። በአንጻሩ ብርድ ይዞ የሚመጣ አየር ከገባ 2,000 ሜትር ላይ በረዶ ሊጥል ስለሚችል ውሳኔው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የሜቴዎሽቫይዝ (የስዊዘርላንድ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት) ትንበያ ታይቶ ይሰጥ።

ሰዓት ሁሉ በ24 ሰዓት አጻጻፍ ይሁን። «አንድ ሰዓት ተኩል» ብለን ከጻፍን 7፡30 የሚመጣም 13፡30 የሚመጣም ይኖራል። ያዘጋጀሁት እንዲህ ነው፦ 7፡15 በርን መገናኛ፤ 9፡00 አካባቢ ካንደርሽቴግ፤ ወደ ጎንደሉ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር፤ 10፡00 ከላይ ጣቢያ መነሳት፤ 11፡15 ሆይበርግ፤ 12፡15 ኦበርበርግሊ፤ 14፡00 ሐይቁ ዳር ምሳ፤ 16፡15 መነሳት። ቢጫው የእግር መንገድ ምልክት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ዕረፍትን አይጨምርም፤ ለብዙ ሰው ቡድን ተጨማሪ ጊዜ መያዝ ነው። የመጨረሻው ጎንደል ሰዓት የዚያን ቀን ተጣርቶ ለሁሉም በስልክ ይላክ። ካመለጠ ወይም በነፋስ ከቆመ ከሐይቁ እስከ ካንደርሽቴግ 400 ሜትር ቁልቁል ነው፤ ደህና ለሚሄድ ሰው ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ፣ ለአዛውንት ግን ፈተና ነው።

ስለ ባቡሩም አንድ ማስጠንቀቂያ። ከበርን የሚነሳው ባቡር ሽፒትስ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጽቫይዚመን፣ ሌላው በካንደርሽቴግ በኩል ወደ ብሪግ። ጓደኛ አይቶ ያገኘው ፉርጎ ውስጥ ዘው ብሎ የገባ ሰው ሌላ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ከመግባታችሁ በፊት በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ እዩ።

የወጣቶች ተጠሪ፦
በአቅጣጫው ላይ ሐሳብ አለኝ። በኦበርበርግሊና በኡንተርበርግሊ መካከል ያለው መንገድ ቀጥ ያለና ደረጃ የበዛበት ነው። ድካም ከመጣ በኋላ እሱን ከመውረድ ትኩስ ጉልበት እያለ መውጣቱ አይሻልም? በሐይቁ ጀምረን፣ ደረጃውን ወጥተን፣ በሆይበርግ ብንመለስ መጨረሻችን ጎንደሉ ጣቢያ ነው።

የጉዞ ኮሚቴ፦
ለጉልበት ያልከው ልክ ነው፤ ሰው የሚንሸራተተው ሲወርድ ነው። ግን ሦስት ነገር ታጣለህ። ምሳው ላይ ከሌላው ቡድን ጋር አትገናኝም። ገደል ያለበት የሆይበርግ መንገድ ከሰዓት በኋላ፣ ደመና በሚሰበሰብበት ሰዓት ላይ ይወድቃል። ዋናው ደግሞ፣ በሆይበርግ ከጀመርን የመመለሻ በር አለን፤ 12፡00 ድረስ ሆይበርግ ያልደረሰ ወይም ደመና ያየ ቡድን በመጣበት ተመልሶ በሰፊው መንገድ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። በአንተ አቅጣጫ ደረጃውን ከወጣህ በኋላ መመለስ ማለት ያንኑ ደረጃ መውረድ ነው። ጉልበት ለሚያማቸው ሁለት ዱላ ይያዝ፤ ሲወርዱ ዱላው በትንሹ ይረዝማል።

የወጣቶች ተጠሪ፦
12፡00 የሚለው ይጻፍ፤ ተስማምቻለሁ። ከ12 ሰው በላይ በአንድ ቡድን አይሁን፤ ፊት መሪ፣ ኋላ ጠባቂ። ከኋላ ጠባቂው በስተኋላ ማንም አይቀርም፣ ፎቶ ለማንሳትም ቢሆን። በየምልክቱ ይቆጠር።

ሰብሳቢ፦
ስለ ተንሸራታቹ ተራራስ? የሰማ ይጠይቃልና መልሱ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይኑር።

የጉዞ ኮሚቴ፦
ከሐይቁ በደቡብ በኩል ያለው ሽፒትሰ ሽታይ የሚባለው አለት እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ከ2018 ጀምሮ በመሣሪያ ክትትል ይደረግበታል። ከሥሩ ያሉ መንገዶች ተዘግተዋል። የሆይበርግ መንገድ በተቃራኒው፣ በሰሜን በኩል ነው። በጉዞው ዋዜማ የማዘጋጃ ቤቱ የመንገድ መዝጊያ ካርታ ይታይ። አጥር ወይም ምልክት ያለበትን ማንም አይዝለል፤ «ሰዎች ሲገቡ አይቻለሁ» ፈቃድ አይደለም።

የጤና ተጠሪ፦
ከፍታው ብዙም አያስጨንቅ። ከፍተኛው ነጥብ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች። ሰው የሚጎዳው በሌላ ነው።

ጫማ፦ ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ የቆየ የተራራ ጫማ ከላይ አዲስ ይመስላል፤ የሶሉ ፖሊዩሬቴን ግን በእርጥበት ይበሰብሳል፤ መንገድ ላይ ሶሉ በሙሉ ይገነጠላል። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ጫማውን አጥፋችሁ፣ ሶሉን በጣት ጫን ጫን አድርጋችሁ እዩ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ሂዱበት። የከተማ ስኒከር እርጥብ ድንጋይ ላይ አይይዝም፤ ስኒከር ያደረገ በሰፊው መንገድ ብቻ ይሂድ።

ውሃ፦ ለሰው አንድ ሊትር ተኩል። ከብት ከሚግጥበት በታች ያለ ወንዝ አይጠጣ። ላም ከነጥጃዋ ካያችሁ ራቅ ብላችሁ እለፉ፤ ጥጃውን ልጅ አይንካ።

አደጋ፦ ሬጋ (በሄሊኮፕተር የሚመጣው ነፍስ አድን) 1414፣ አምቡላንስ 144። ሄሊኮፕተር ሲመጣ ሁለት እጅ ወደ ላይ ማለት እርዳታ እንፈልጋለን፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ማለት አንፈልግም ነው። ከሩቅ ሰላም ለማለት እጅ አይውለብለብ።

ኢንሹራንስ፦ በሳምንት ቢያንስ 8 ሰዓት ለአንድ አሠሪ የሚሠራ ሰው ከሥራ ውጭ ለሚደርስ አደጋም በአሠሪው በኩል ተሸፍኗል። የማይሠራ ሰው የጤና ኢንሹራንሱ ላይ አደጋ መካተቱን ይይ። በመሠረታዊው ኢንሹራንስ የነፍስ አድን ወጪ የሚከፈለው ግማሹ ብቻ ነው፣ በዓመት እስከ 5,000 ፍራንክ። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ ወላጆች ለሼንገን ቪዛ የገዙት ኢንሹራንስ አለ፤ ቀኑ አለማለፉን አጣሩ፣ ኮፒውም ከእነሱ ጋር ይሁን።

የቤተሰብና ሕፃናት ተጠሪ፦
ስለ ምግብ። የጋራው ማዕድ በሙሉ የጾም ይሁን። ጾሙ ቢወጣም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ ይበላል፤ ሥጋ ደግሞ ከ6፡00 እስከ 14፡00 ቦርሳ ውስጥ ሲሞቅ መዋሉ ጥሩ አይደለም። ክትፎ ይዤ እመጣለሁ የምትል እህት ካለች ከወዲሁ ይቅርታ። የሽሮ ፍርፍር ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ፣ ዳቦ፣ ቲማቲም፤ ለመንገዱ ቆሎና በሶ። በሶው በላስቲክ ከረጢት ተመጥኖ ይያዝ፤ ውሃውና ስኳሩ እዚያው ይጨመራል።

ቡና ይፈላል? ይፈላል፣ ግን በከሰል አይደለም። እሳት የሚፈቀደው በተዘጋጀው ምድጃ ላይ ብቻ ነው፤ ደረቅ ሰመር ከሆነ ካንቶኑ (የክልሉ አስተዳደር) እሱንም ሊከለክል ይችላል። ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ ነፋስ መከለያ፣ ጀበናው ደግሞ በፎጣ ተጠቅልሎ። ውሃ እዚያ የሚፈላው 95 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ ለቡናው ምንም አይጎድለውም። ቆሻሻችን፣ የቡናው አተላ ጭምር፣ ይዘነው እንወርዳለን።

ጸሐፊ፦
የተስተካከለው ረቂቅ፦ ቦታ ኧሽነንዜ። ቀን ኦገስት 29፣ መጠባበቂያ ሴፕቴምበር 5፣ ውሳኔ ዓርብ 12፡00። ሁለት ቡድን፤ ሀ በሆይበርግ፣ ለ በሰፊው መንገድ፤ መገናኛ 14፡00 ሐይቁ ዳር። ሀ ውስጥ ከ10 ዓመት በታች ልጅ ያለ ወላጅ አይገባም። 12፡00 ሆይበርግ ያልደረሰ ይመለሳል። ሁለቱም ቀን ከዘነበ ብላውዜ የሚባለውን ሐይቅ እናያለን፤ ትንሽ ነው፣ መግቢያ ይከፈላል፣ ከካንደርሽቴግ በአውቶቡስ ቅርብ ነው። የቀረኝ በጀቱ ነው፤ ገንዘብ ያዣችን ይጨምሩበት።

ገንዘብ ያዥ፦
ቋሚ የዋጋ ቁጥር አሁን አላስገባም፤ የቀን ትኬት ቀኑ እየቀረበና እየተሸጠ ሲሄድ ይወደዳል፤ የዛሬው ዋጋ ሥራ አመራሩ እስኪፈርም ይቀየራል። ስለዚህ በጀቱ በሦስት መስመር ይገባል፦ ባቡር፣ ጎንደል፣ የኤሌክትሪክ መኪናው ለአዛውንት። በላዩ አሥር በመቶ መጠባበቂያ። ሃልብታክስ (የግማሽ ዋጋ ካርድ) ያለው በባቡሩም በጎንደሉም ቅናሽ ያገኛል፤ ስለዚህ ስትመዘገቡ «አለኝ» ወይም «የለኝም» በሉ። ቁልቁል በእግሩ የሚመለስ ካለ ለእሱ የመውጫ ብቻ ትኬት እገዛለሁ። የባቡሩ የቡድን ቦታ ከ10 ሰው ጀምሮ ስለሆነ ማስያዝ የምችለው ስም ከነዝርዝሩ ሲደርሰኝ ነው። የጎንደሉን ትኬትም ቀድሜ በኢንተርኔት እገዛለሁ፤ በሰመር ቅዳሜ መስኮቱ ላይ 45 ሰው ማሰለፍ የጠዋቱን ሰዓት ይበላዋል።

ወላጆች፣ ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በባቡር በነፃ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 16 ላለው የጁኒየር ካርዱ በዓመት 30 ፍራንክ ነው፤ የሚሠራው ግን ካርዱ ላይ ከተመዘገበ ወላጅ ጋር ሲሄድ ብቻ ነው። የጎረቤት ወይም የእህቱን ልጅ ይዞ የሚመጣ ሌላ ዓይነት ካርድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልጅ ስም አጠገብ ከማን ጋር እንደሚጓዝ ጻፉልኝ፣ እስከ ረቡዕ ማታ።