የዕቅድ ውይይት፦ በሃይላንድ ውሃ ጉዳይ ለከተማው የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊው፦
እንደምን ሰነበታችሁ? እሁድ በማኅበራችን ስብሰባ በተነጋገርነው መሠረት ረቂቁ ይኸው። አንብባችሁ አርሙት፤ ሐሙስ ማታ እንዘጋዋለን።

«በጎንደር ከተማ በፕላስቲክ የታሸገ ውሃ መሸጥ ይከልከል።»

ለምን እንደጻፍኩት ታውቃላችሁ። የቀሃን ወንዝ ስናጸዳ በየማዳበሪያው ያወጣነው አብዛኛው ሃይላንድ ነበር። የቀረው ከአንገረብ ጋር ወደ መገጭ ይወርዳል፣ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። ጣና እምቦጩ ሳያንሰው የእኛን ቆሻሻ ለምን ይሸከም? አገራችን በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አውጥታለች። ፌስታል ከተቻለ ሃይላንድስ ለምን አይቻልም?

ሆስፒታሉ አካባቢ ሱቅ ያላት አባል፦
ወንድምዓለም፣ ልብህን አውቀዋለሁ። ረቂቁ ግን እንዲህ እንዳለ አይሆንም።

እኔ ጋ ውሃ የሚገዛው ማን እንደሆነ ልንገርህ። ከአርማጭሆ፣ ከደምቢያ፣ ከበለሳ በሽተኛ ይዞ የመጣ አስታማሚ ነው። ከተማውን አያውቀውም። ቦኖ የት እንዳለ ቢጠይቅም ውሃው በፈረቃ ነው። መድኃኒት መዋጫ ሲጠይቀኝ «ተከልክሏል» ልበለው?

ባለፈው በጋ እኛ ቤት 11 ቀን ቧንቧው ጠብ አላለም። ሮቶ ያለው ጎረቤት ጀሪካን ሞልቶ ሰጠን፣ እግዜር ይስጠው። ለሕፃኑ ወተት መበጥበጫ ግን ከራሴ መደርደሪያ ነው ያነሳሁት። አንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው፣ የመገጭን ግድብ ገና እየጠበቅን ውሃ አትሽጡ ማለት ይከብደኛል። ነጋዴ ስለሆንኩ ነው እንዳትሉኝ። ቀሃን ስናጸዳ እኔም ጭቃው ውስጥ ነበርኩ።

የጤና ባለሙያው፦
እህቴ ልክ ናት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ ኮሌራ ገብቶ ምን እንዳደረሰ አልረሳንም። ሰው የሚጠጣውን ሳናዘጋጅ እጁ ላይ ያለውን አንቀማ።

የሌሎችንም ልምድ አይቼ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ ግዛት ያለችው ኮንኮርድ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1 ሊትርና ከዚያ በታች የሆነ የፕላስቲክ ውሃ እንዳይሸጥ ከልክላለች። እዚያ ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሰው አልተቸገረም። በዚያው ዓመት የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲም በግቢው ውስጥ የታሸገ ውሃ መሸጥ አቆመ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ግን ወደ ግቢው የሚገባው ጠርሙስ እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም እንደጨመረ አሳየ። ተማሪው ውሃውን ሲያጣ ለስላሳ መግዛት ጀመረ። እኛም ውሃውን ብቻ ከከለከልን ፕላስቲኩ ያው ቀሃ ይገባል፣ ልጆቻችን ደግሞ ስኳር ይጠጣሉ።

አስጎብኚው፦
እኔን የሚያንገበግበኝ ጥምቀት ነው። የፋሲል መዋኛ ከቀሃ በተጠለፈ ውሃ ይሞላል። ታቦታቱ ያድራሉ፣ ውሃው ይባረካል፣ ወጣቱ ይገባበታል። በማግስቱ ስሄድ ያ ሁሉ ሃይላንድ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ አየዋለሁ። በየዓመቱ። እንግዶቼ ፎቶ ሲያነሱ መሬት ዋጥ ብታደርገኝ እላለሁ።

ስለዚህ በቦታና በቀን የተወሰነ ክልከላ ቢሆንስ? ኬንያ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ ፓርኮቿና የባሕር ዳርቻዎቿ ላይ ሰው አንዴ ተጠቅሞ የሚጥለው ፕላስቲክ ይዞ እንዳይገባ አድርጋለች። አገሩን በሙሉ አልዘጋችም። እኛም ከመዋኛው ቅጥርና ከፋሲል ግቢ እንጀምር።

የዕድራችን እናት (ልጄ ናት የምትጽፍልኝ)፦
ልጆቼ፣ ተባረኩ። ግን ጸበሉን በምን ልውሰድ? እኔ ልጅ ሳለሁ በቅል ነበር የምናመጣው። ዛሬ ቅሉም የለም። ቤቴ ያለው ሃይላንድ አንዱ ጸበል፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ለልጅ ልጄ የሚላክ ማር የያዘ ነው። ባዶውን ቅዳሜ ገበያ እየገዛን የምንጠቀምበት ዕቃ ነው። እኛ ቤት ሃይላንድ ተጥሎ አያውቅም።

ጸሐፊው፦
እናታችን፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ባዶው ዋጋ ካለው ማንም ወንዝ አይጥለውም ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ገዢው ሲገዛ 25 ሳንቲም ዩሮ ያስይዛል፣ ባዶውን ሲመልስ ገንዘቡን ይቀበላል። እኛም ለቢራና ለለስላሳ ጠርሙስ መያዣ ስንከፍል ነው ያደግነው። ለሃይላንድም ይሁን።

ባለሱቋ፦
መያዣው ጥሩ ነው። ባዶውን ግን የት ላስቀምጠው? ሱቄ ከነመደርደሪያው 2 ሜትር ነው። ሰብሳቢ ወጣቶች በሳምንት ሁለት ቀን ካልመጡልኝ እኔም ደጅ እጥለዋለሁ፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። መጋዘን ከተማው ይስጥ የሚል ይግባበት።

አስጎብኚው፦
ለጥምቀት ደግሞ ጋን በኩባያ እናቁም። እንደ ድሮው።

የጤና ባለሙያው፦
ጋኑ ይሁን፣ የጋራ ኩባያው ግን ይቅር። በዚያ ሕዝብ መካከል አንድ ኩባያ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር በሽታም አብሮ ይዞራል። ከሥሩ ቧንቧ ያለው በርሜል ይሁን፣ ውሃው በክሎሪን ይታከም፣ ሰው በራሱ ዕቃ ይቅዳ። እናታችንም ሃይላንዷን ይዛ ትምጣ። ሽያጭ እንጂ ዕቃ ይዞ መግባት አንከልክል።

ጸሐፊው፦
እሺ። አንድ ነገር ልጨምር። የትኛውም ስብሰባ ስንሄድ በየወንበሩ ፊት ግማሽ ሊትር ተደርድሮ እናገኛለን። ሁለቴ ይጎነጩለታል፣ የቀረው ይደፋል። ሳን ፍራንሲስኮ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ከራሷ ነው፤ በከተማው ንብረትና በከተማው ዝግጅቶች ላይ ትንሹን የፕላስቲክ ውሃ መሸጥ ከለከለች። የእኛም አስተዳደር ከራሱ አዳራሽ ይጀምር። ማኅበራችንም እሁድ ከሚያቀርበው ውሃ ይጀምር። የታረመው ረቂቅ ይኸው፦

«በመጀመሪያ በሆስፒታሉ፣ በመናኸሪያውና በፋሲል መዋኛ አካባቢ ውሃው የታከመና የማይቋረጥ የመጠጥ ቦኖ ከነማጠራቀሚያው ይተከል። በመንግሥት ስብሰባዎች ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ማቅረብ ወዲያው ይቁም። በጥምቀት ሰሞን በመዋኛው ቅጥር ውስጥ ውሃም ለስላሳም በፕላስቲክ አይሸጥ፤ በበርሜል የታከመ ውሃ በነፃ ይቅረብ። በከተማው በሚሸጥ የውሃና የለስላሳ ፕላስቲክ ሁሉ ላይ ተመላሽ መያዣ ይጣል፤ ባዶውን የሚሰበስቡ ወጣቶች ይደራጁ፣ መጋዘን ይሰጣቸው። ቦኖዎቹ አንድ ዓመት ሳይቋረጡ ከሠሩ በኋላ የግማሽ ሊትር ሽያጭ በከተማው ሁሉ እንዲቀር ውይይት ይከፈት።»

ባለሱቋ፦
አሁን እፈርማለሁ። «ሳይቋረጡ» የሚለውን ማንም እንዳያወጣው።

የዕድራችን እናት፦
እኔም አለሁበት። ቅል የሚሸጥ ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ጸሐፊው፦
የቀረን በየቦታው አሁን ስንት ቧንቧ እንዳለና ስንቱ እንደሚሠራ መቁጠር ነው። አስጎብኚያችን መዋኛውን፣ እህቴ ሆስፒታሉን፣ እኔ መናኸሪያውን። ረቡዕ ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ፣ ሰው ውሃ በሚቀዳበት ሰዓት።