የልደት ወረቀቴ ትርጉም ከፓስፖርቴ ጋር አልገጥም አለኝ፤ ምን ላድርግ?

የሽምብጧ (ጠያቂ)
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ነው። አይ-130 የሚባለውን የቤተሰብ ማመልከቻ ሞልቶልኝ ጸድቋል፤ አሁን ኤንቪሲ (የአሜሪካ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል) ሰነድ ላኩ ብሎናል።

ትናንት ማታ ወረቀቶቹን አልጋ ላይ ዘርግቼ ሳመሳክር ክው አልኩ። የልደት ምስክር ወረቀቴ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ የድሮ ወረቀት ነው። ጥር 11 ቀን 1988 ይላል። ፓስፖርቴ ጃንዋሪ 20፣ 1996 ይላል። የእንግሊዝኛው ትርጉም ግን ጃንዋሪ 19፣ 1995! ባለቤቴም አይ-130ው ላይ የሞላው ከትርጉሙ ገልብጦ ነው።

አንድ ደላላ «1987 የሚል የልደት ካርድ አሠራልሻለሁ፣ ፓስፖርቱንም በዚያው እናስተካክላለን፣ 15,000 ብር» አለኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

አባይ ማዶ
እህቴ፣ እኔ ብሆን አሠራው ነበር። እነሱ የሚፈልጉት ወረቀቱ እንዲመሳሰል ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ታሪክሽን የሚሰማበት ጊዜ የለውም።

ጣና ዳር
ኧረ ተይ! የአክስቴ ልጅ የአባቷ ስም በሁለት ዓይነት ስፔሊንግ ተጽፎ ኢንተርቪው ላይ 221 ጂ የሚባለውን ወረቀት ሰጧት። ጉዳዩ ተጨማሪ ሰነድ እስኪቀርብ ይቆያል ማለት ነው። ወራት ጠበቀች፤ ግን እውነቱን አስረድታ ቪዛዋን አገኘች። ብትዋሽ ኖሮ ምን ልትሆን ነበር?

ጠበቃው
ዋሽንግተን አካባቢ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ነኝ፤ ያደግኩት እዚያው ባሕር ዳር ነው። እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። የልደት ወረቀትሽ ትክክል ነው። ፓስፖርትሽም ትክክል ነው። የተሳሳተው ተርጓሚው ነው።

እንዴት እንደተሳሳተም ይታያል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የሚደመረው ሰባት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ፈረንጆቹ ዓመት ስለሚለውጡ ስምንት ይሆናል። ጥር ላይ ሰባት የደመረ ሰው አንድ ዓመት ይጎድልበታል። ይቺ ስሕተት በየጊዜው ጠረጴዛዬ ላይ ትመጣለች።

ደላላውን ግን እለምንሻለሁ፣ ተይው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ፣ አንቀጽ 212፣ ቪዛ ለማግኘት ብሎ በዋና ጉዳይ ላይ አውቆ የዋሸን ሰው ዕድሜ ልኩን ይከለክላል። አይ-601 የሚባል የይቅርታ ማመልከቻ አለ። ነገር ግን ባለቤትሽ በመለያየታችሁ ከባድ እንግልት እንደሚደርስበት በማስረጃ ማሳየት አለበት፤ ናፍቆት ብቻ አይበቃም። ዛሬ በአንድ ገጽ ደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ ነው በእጅሽ ያለው።

አባይ ማዶ፣ ወንድሜ፣ ጊዜ የላቸውም ያልከው እውነት ነው። እኔንም የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ቅጹ ላይ የኛ አቆጣጠር የሚጻፍበት ቦታ የለም። አይ-130ውን ያጸደቀው ሰው ሌላ፣ ኤንቪሲ ያለው ሌላ፣ አዲስ አበባ የሚጠይቃት ደግሞ ሌላ ነው። አንዳቸውም ጳጉሜን ሰምተው ላያውቁ ይችላሉ። ለዚህ ነው ማብራሪያው ከሰነዱ ጋር ተያይዞ መሄድ ያለበት።

እህቴ፣ ወረቀቱን እንደገና አስተርጉሚ። ተርጓሚው ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችል ጽፎ ይፈርምበት። ማኅተም ብቻ አይበቃም። ዲኤስ-260 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ላይ የፓስፖርትሽን ቀን ሙዪ። ባለቤትሽ አይ-130 ላይ ቀኑ እንዴት እንደተሳሳተ አጭር ደብዳቤ ይጻፍ፤ ከልደት ወረቀቱ ጋር አብራችሁ ላኩት። ለኢንተርቪው ስትሄጂ ዋናውን ይዘሽ፣ ሳትጠየቂ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አዲሱን የልደት ወረቀት ማውጣት ከቻልሽም አውጪ። በመላ አገሪቱ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን የብዙዎቻችን ወረቀት ዘግይቶ የወጣ ነው። ሌላ ደጋፊ ማስረጃ ቢኖርሽ ይጠቅምሻል።

ዲያቆን
«ለምን 19 ሳይሆን 20 ሆነ?» ለምትሉ፦ 1988 ዘመነ ዮሐንስ ነው። በ1987 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች ዓመቱ በአንድ ቀን ዘግይቶ ገባ። ገና ታኅሣሥ 28 የዋለውም ለዚህ ነው። ጥምቀት ግን ከጥር 11 ስለማይነቃነቅ ጃንዋሪ 20 ላይ ዋለ። ፓስፖርትሽን የሞላው ሰው በደንብ አስልቷል።

አባይ ማዶ
ዕድሜ ልክ መሆኑን አላውቅም ነበር። ምክሬን አንስቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን ጠበቃ።

የሽምብጧ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ! እናቴን ጠየቅኳት። «ከተራ ዕለት ታቦት ሸኝቼ ስመለስ ምጥ ያዘኝ፣ ሊነጋጋ ሲል ወለድኩሽ» አለችኝ። ከሣጥኗ ሥር የክርስትና ካርዴን አወጣችልኝ። ጠርዙ ተበልቷል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል፦ መጋቢት 30 ቀን 1988። ይኸ ይጠቅማል?

ጠበቃው
በደንብ እንጂ! በጥር 11 የተወለደች ሴት ልጅ 80 ቀኗ መጋቢት 30 ነው። አስተርጉመሽ አያይዢው። ዋናውን ላስቲክ ውስጥ አድርጊው፣ እንዳይቀደድ።

የሽምብጧ
ዛሬ ጠዋት ትርጉም ቤቱ ሄድኩ። ልጁ በጣቱ ቆጠረ፣ ደገመ፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀኝ። ያለ ክፍያ ሠርቶ፣ ፈርሞ ሰጠኝ። ደብዳቤውን ባለቤቴ ማታ ይጽፋል።