የሃይማኖት ብያኔ ምረጥ ተብዬ ግራ ገብቶኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ስላለ አንድ እድር የማስተርስ ፕሮፖዛል እየጻፍኩ ነው። አማካሪዬ «መጀመሪያ ሃይማኖት ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብሎ መለሰልኝ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ፣ ከአንድ ገጽ አላለፍኩም።

የእንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት የታይለር ብያኔ (እ.ኤ.አ. 1871) በመንፈሳዊ ህላዌዎች ማመን የሚል ነው፤ አጭርና ግልጽ። ግን ጠዋት ታክሲው አራዳ ጊዮርጊስ ጋ ሲደርስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አማተቡ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ የሽንኩርት ዋጋ ወሬያቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። እዚህ ውስጥ እምነቱ ለብቻው የቱ ጋ ነው? እጃቸው ከሐሳባቸው የቀደመ መሰለኝ። «ሃይማኖት» የሚለው ቃላችን ራሱ ከማመን ጋር ስለሚዛመድ ደግሞ ሳላውቀው ወደ ታይለር ይጎትተኛል።

ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1912 ሃይማኖትን ቅዱስ የተባሉ ነገሮችን የሚመለከት እምነትና ተግባር፣ ሰዎችን በአንድ የግብረ ገብ ማኅበረሰብ የሚያስተሳስር ይላል። ይሄኛው ልቤን ወስዶት ነበር። እድሩ ውስጥ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ድንኳን ይተክላል፣ አብሮ ለቅሶ ይቀመጣል። ታዲያ እድሩ ራሱ ሃይማኖት ሊባል ነው?

ሃይማኖት የምልክቶች ሥርዓት ነው የሚለውን አንትሮፖሎጂስት ጊርትዝን ይዤ ልሄድ ስል፣ ሌላው አንትሮፖሎጂስት ታላል አሳድ በእሱ ላይ ያቀረበውን ትችት (እ.ኤ.አ. 1993) አነበብኩ። ብያኔው ራሱ የታሪክ ውጤት ስለሆነ ለሁሉም ዘመንና ቦታ የሚሠራ አይገኝም ይላል። እውነቱን ነው፤ እኔን ግን ባዶ እጄን አስቀረኝ።

ብያኔ ሳልመርጥ፣ የእድሩ አባላት ራሳቸው ሃይማኖት የሚሉትን መነሻ ባደርግ ያስኬዳል? እንዲህ የሠራችሁ ካላችሁ ለአማካሪ እንዴት አስረዳችሁ? ሰኞ አስረክባለሁ።