ትልቅ ኦዲት ድርጅት የሠራችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ የኦዲትና የማማከር ድርጅት ውስጥ ጁኒየር ኦዲተር ሆኜ እሠራለሁ። ስሙ ይቅር። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ "አንተ አገሩን ታውቀዋለህ" ብለው እዚያው ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ላይ መደቡኝ። ቤተሰብ ቤት ስለማድር የአልጋ አበል የለህም ተባልኩ። እሱንስ ተውኩት።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ቀን መጋዘን ውስጥ ከረጢት ስንቆጥር እንውላለን፣ ማታ ደግሞ ኤክሴል ላይ ቁጭ ነው፣ ጣቴ በዚያ ብርድ ደርቆ 6ን ልጫን ስል 9ን እየነካሁ። ታይምሺት (የሠራሁትን ሰዓት የምመዘግብበት ቅጽ) ስሞላ ግን ሲኒየሯ ትደውልና "8 ሰዓት ብለህ ሙላ፣ ለዚህ ሥራ የተያዘው ሰዓት አልቋል" ትለኛለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ እሷንም ከላይ ይጫኗታል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን አንብቤዋለሁ። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ በሥራ ቀን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው ደግሞ ክፍያው በ1.5 ተባዝቶ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው 8 ከሆነ በምን ማስረጃ ልጠይቅ?

እንዳልለቅ የኤሲሲኤ (ዓለም አቀፍ የሂሳብ ባለሙያነት) ፈተናዬን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው፣ ከወጣሁ መልስ የሚል ውል አለ። ኤሲሲኤ የሚጠይቀው የ36 ወር የሥራ ልምድ ሌላ ቦታም ይቀጥላል፣ የጨነቀኝ ዕዳው ነው።

ትክክለኛውን ሰዓት ሞልቶ የላከ አለ? ምን አሉት? ለሰው ኃይል ክፍል በኢሜይል ልጻፍ ወይስ መጀመሪያ ማናጀሩን በቃል ላናግር? "ቻለው፣ ያልፋል" የምትሉኝ ግን ተዉት፣ እሱን እናቴም ነግራኛለች።