«ቅዱስ ፓትሪክ ጨዋ ሰው ነበር»፦ እዚህ ላይ «ጨዋ» ምን ማለት ነው?

ቃል ለቃሚ፦
አየርላንዶች ክርስትናን ስለሰበከላቸውና የአገሩን እባብ አባረረ ስለሚባለው ስለ ቅዱስ ፓትሪክ የሚዘፍኑት አንድ አስቂኝ ዘፈን አላቸው። ሄንሪ ቤኔትና ቶልከን የሚባሉ ሁለት የኮርክ ከተማ ሰዎች በ1814 ወይም በ1815 (እ.ኤ.አ.) የብርድ ወራት፣ በጭምብል ግብዣ ላይ ስንኝ እየተቀባበሉ ያወጡት ነው ይባላል። መክፈቻው ቅዱሱ «ጄንትልማን» እንደነበረና ከደኅና ሰዎች እንደተወለደ ይናገራል፤ ከዚያ አባቱን ጋላገር፣ እናቱን ብሬዲ ብሎ አክስትና አጎቱን ሳይቀር በየቤተሰብ ስማቸው ይቆጥራል። ሌሎች ሲዘፍኑት አባትየው ካላሃን ይሆናል። ወደ አማርኛ እየመለስሁት ነውና «ጄንትልማን» የሚለውን «ጨዋ» አልሁት። ባልንጀራዬ «ጨዋማ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ነው፤ እባብ በቡጢ አያባርርም» ብሎ ተቃወመኝ። እናንተስ?

የኮርኳ፦
ወንድሜ፣ «ጨዋ»ን አትንካው። እዚህ ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት ይህን ዘፈን ያንጎራጉራሉ፤ አዝማቹ የቅዱሱን ቡጢ ሲያመሰግን ጠረጴዛውን በጡጫቸው ይመቱታል፣ ያቀረብሁላቸው ሻይም ግማሹ ሳህኑ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን «ቀልዱ የቱ ላይ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የዘር ቆጠራው ላይ ነዋ!» አሉኝ። ፓትሪክ አየርላንዳዊ አይደለም፤ በሮማውያን ትገዛ ከነበረችው ብሪታንያ የመጣ ሰው ነው። እነዚያ የቤተሰብ ስሞችም እርሱ ካረፈ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የመጡ ናቸው። ሽማግሌ ተልኮ ሰባት ቤት ሲቆጠር አስበው፤ ዘፋኙ ባዕዱን ሰው በአክስት በአጎት አስሮ የአገር ልጅ አደረገው። እዚያው ስንኝ ላይ ደብሊን ከተማ ቤተ ክርስቲያን ሠርቶ ጉልላት አወጣላት ይላል። ደብሊን ግን ቫይኪንጎች በ9ኛው መቶ ዘመን የቆረቆሯት ናት፣ ፓትሪክ የ5ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው።

ፊደል ወዳጅ፦
የእባቡም ነገር እንዲሁ ነው። ቤዳ የተባለው እንግሊዛዊ መነኩሴ በ731 (እ.ኤ.አ.) በጨረሰው ታሪኩ አየርላንድ እባብ የላትም ሲል ፓትሪክን አያነሳም። ከበረዶ ዘመን በኋላ ባሕሩ ለይቷት ስለቀረች ሳይገቡባት ቀሩ። ዘፈኑ ግን ቅዱሱ ዘጠኝ መቶ ሺህ እፉኝት በጣፋጭ ንግግር አታልሎ በሾርባ በላቸው ይላል!

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ዘፈኑ የቅዱሱ እናት በኤኒስኪለን ከተማ «ሺቢን» ነበራት ይላል። «ጠላ ቤት» ይበቃል?

የኮርኳ፦
አይበቃም። ሺቢን ያለ ፈቃድ በጓዳ መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ነው፤ ቃሉ ከአየርላንድ ተነሥቶ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተጉዟል፣ እዚያ የጥቁሮች ሰፈር መጠጥ ቤት በዚሁ ስም ይጠራል። «የጓዳ አረቄ ቤት» ብትለው ይቀርባል። ቅዱሱ ዊስኪ ማውጣትን ያስተማራቸው እርሱ ነው ለማለት የገባች ስንኝ ናት፤ ከእናቱ ቤት የተማረው ሙያ መሆኑ ነው። «ዊስኪ» ራሱ በቋንቋቸው «የሕይወት ውኃ» ከሚለው የመጣ ነው። የእኛ «አረቄ» ደግሞ በዐረብኛ «ላብ» ከሚለው። የትኛው ይሻላል አትበሉኝ።

የቅኔ ተማሪ፦
ወደ «ጨዋ» ልመልሳችሁ፣ አልፋችሁት ሄዳችሁ። ዛሬ ጨዋ ስንል ጠባየ መልካም ማለታችን ነው። አያቶቻችን ግን ባሪያ ያልሆነውን፣ ነጻ የተወለደውን ጨዋ ይሉ ነበር። ቤተ ክህነት ዘንድ ደግሞ ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ካህን ያልሆነ ሰው ነው፤ እዚያ «ጨዋ ነው» መባል ምስጋና አይደለም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በየአውራጃው የተተከሉት የንጉሥ ጭፍሮችም ስማቸው ጨዋ ነበር፤ ይህን ከግእዙ «ፄዋ» ጋር የሚያገናኙ ሊቃውንት አሉ። ፄዋ ምርኮ ነው፤ ዳዊት ላይ «ምርኮን ማረክህ» የሚለው በግእዙ «ፄዊወከ ፄዋ» ነው።

እንግዲህ ፓትሪክን እዩት። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው ወንበዴዎች ማርከው አየርላንድ ወሰዱት፣ ስድስት ዓመት ከብት ጠበቀ። የዲያቆን ልጅ፣ የቄስ የልጅ ልጅ ሆኖ ሳለ «ኑዛዜ» በተባለው ጽሑፉ ራሱን እጅግ ያልተማረ ባላገር ይለዋል። ምርኮኛም ነው፣ ያልተማረም ነው፣ ነጻ ልጅም ነው፤ አንድ ቃል ሦስቱንም ከያዘለት ምን ትፈልጋለህ?

ቃል ለቃሚ፦
«ነጻ ልጅ» ያልኸው ከዘፈኑ ነው ወይስ ከእርሱ?

የቅኔ ተማሪ፦
ከራሱ። ፓትሪክ ያጠመቃቸውን ሰዎች ኮሮቲከስ የተባለ የጦር አለቃ ማርኮ ሲሸጥበት፣ ፓትሪክ በላቲን በጻፈው ደብዳቤ ላይ አባቱ የከተማ ሸንጎ አባል እንደነበረ ይናገርና እንዲህ ይላል፤ «በሥጋ ጨዋ ነበርሁ»፤ ቀጥሎም «ጨዋነቴን ለሌሎች ጥቅም ሸጥሁት»። የላቲኑ ቃል በባርነት ያልተወለደ ማለት ነው፣ ያለ «ጨዋ» በአማርኛ አይገባም። የኮርክ ቀልደኞች ሳያውቁት እውነቱን ተናግረዋል።

ቃል ለቃሚ፦
እሺ፣ «ጨዋ» እንዳለ ይቆያል፤ ለባልንጀራዬም ይህን አነብለታለሁ። ሺቢኑን ግን ገና አልወሰንሁም። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ፈትል እየፈተለች ነው፤ እርሷ እያየችኝ የቅዱስ እናት በጓዳ አረቄ ታወጣ ነበር ብዬ መጻፍ እጄን ያዘኝ።